መሸኛ

ደሴ ያለው ቢሮ ሐሙስ ዕለት ተዘጋ።
ማሽኑን ገልብጬ፣ ሌሊቱ ሳይነጋ፣
በሻርፕ ጠቅልዬ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣
ሐረጎን ወረድኩኝ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ።

ማሽን ስል ግን ብረት፣ ሽቦ አይምሰላችሁ፤
ቨርቹዋል ነው እሱ፣ ሐሳብ ልበላችሁ፤
በሌላ ማሽን ሆድ ተከራይቶ የሚኖር፣
የፈትሉን ኪሎ፣ የሰው ደመወዝ የሚቆጥር።

ኮምቦልቻ ደረስኩ። ሹራቤን አወለቅኩ።
ከአዲሱ ሰርቨር ላይ ጫንኩና ጠበቅኩ።
ነቃ። ደህና ነቃ። «አድራሻህስ?» አልኩት።
አሥር ነጥብ አራት ነጥብ ዜሮ ነጥብ አሥራ ሰባት —
የደሴውን ቁጥር፣ ትናንት የማውቅለት።
እዚህ ሌላ ሰፈር፣ ሌላ በር ነው ያለው፤
ይጣራል፣ ይጣራል፣ «አቤት» የሚል የለው።

የኔስ መታወቂያ? ዛሬም «ሆጤ» ይላል።
ቦርከና ዳር ቤት ይዤ ሦስት ወር አልፎኛል፤
የቀበሌዋ ጸሐፊ፣ ጦይባ፣ ቀና ብላ አየችኝ፣
«መሸኛሽን ሳታመጪ እዚህ የለሽም» አለችኝ።

የድሮውን ቁጥር ፋቅኩለት በእጄ።
«ለምን» አልኩት፣ «ለምን፤ አትፈር፣ ወዳጄ፤
ለመጣ እንግዳ ሁሉ ቁጥር የሚያከራይ
እዚህም አንድ አለ፤ ጠይቅና እንይ።»
ጮኸ፤ «የአድራሻ ያለህ!» አለ፤ አራት ጊዜ።
ዝም አለ ኔትወርኩ፤ ዝም፣ እንደ ትካዜ።
ሰሚ ያጣ ለታ ለራሱ ቁጥር አወጣ፤
«መቶ ስልሳ ዘጠኝ፣ ሁለት መቶ አምሳ አራት» ብሎ ይዞ መጣ።
ይህን ቁጥር ባየሁ ይሸበራል ሆድ፤
ራሱን የሾመ ሹም፣ ያለ አገር፣ ያለ ዘመድ።

መብራት ሄደ፣ መጣ። ጀነሬተሩ አጓራ።
ገመዱን ተከተልኩ ከመደርደሪያው ጋራ፤
ስዊቹ ውስጥ አለ የማይታይ ግድግዳ፤
አዳዩ ሠላሳ ላይ ነው፤ ሃያ ላይ ነው የኛ እንግዳ።
ሠላሳ ላይ አዞርኩት። ወዲያው «እንካ!» ተባለ፤
ዘልዬ ተነሣሁ። ቁጥሩ ግን — የማን ነው? — ሌላ ቤት ያለ፤
መቶ ዘጠና ሁለት ብሎ የሚጀምር፣
በግቢው መዝገብ ላይ የሌለ መንደር።

ወጣሁ ለፍለጋ። ከጥበቃው ክፍል
ሰማያዊ መብራት ጥቅስ፣ ጥቅስ ሲል፤
ጋሼ አሰን ድራማ ያያል። የልጁን ራውተር
ከግድግዳው ሰክቶ፣ ሳያውቀው፣ ለሰው ሁሉ ቁጥር ሲያድል ነበር።
«እንግዳ የተቀበለ ከመቼ ወዲህ ነው ጥፋተኛ?»
ሳቅኩና ነቀልኩት። ግን አሁንም የለም።
ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፦
መሸኛ።

ሙሐባን ደሴ ላይ ቀሰቀስኳት በስልክ፤
«የድሮው አልጠፋም፤ ሁለት ቦታ በርቷል በአንድ መልክ፤
አንድ ካርድ፣ አንድ ስም፣ ላይም ታችም ሲኖር
መዝገቡ ግራ ገባው፤ ለማን ይስጠው ቁጥር?»
ቁልፉ እሷ ጋ ነው። በጭጋግ ውስጥ ወጣች፤
ጓጉንቸሩ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ በሩን ከፈተች።
«ኪራዩን ልልቀቀው?»
«ልቀቂው።»
«ከዚያ ላጥፋው?»
«አጥፊው።»
«ደህና ሁን ልበለው?» አለች።
ሳቅኩ። ከዚያ አልሳቅኩም።

አንድ ጠቅታ።
እዚህ ታች እንደገና ለመነ፤ ተሰጠው።
በሩን፣ ስም ጠሪውን፣ ጎረቤቱን ለየው።
ፒንግ አልኩት፤ «አለሁ» አለ ዓይኔን ሳልጨፍን፤
የፈትሉን ኪሎ ከተወበት ጀመረ፤
ደሴን አላነሣም፤
ደሴ እንዳልነበረ።

ውሉ ስምንት ቀን ነው፤ ሲያልቅ ያድሳል ብቻውን።
እኔ ነገ ሐረጎን እወጣለሁ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዤ፣
ወረፋ፣ ማኅተም፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው»፣
ከሰዓት ተመለሺ።
እሱን ሙሐባ አጠፋችው። እኔን ላይ ማን ያጠፋኛል?
ጋሼ አሰን በር ላይ ቆሞ፣ ራውተሩን ታቅፎ፣
«አሁንስ ልሰካው?» ይለኛል።