ቀድሞ የመጣው

መኪናዋ ቀይ ናት፤ ፖርሽ ናት፤ ዝቅ ያለች፤
በባሕር ዳር ጎዳና ሰው ታስቆማለች።
ታስቆም ነበር ልበል፤ አሁን ራሷ ቆማ፣
ሸራ ተከናንባ ከዋርካው ስር ከርማ፣
በዓመት አንዴ፣ ግንቦት፣ እኔ ነኝ የምገልጣት፣
እንደ ታመመች ዘመድ ሄጄ የምጠይቃት።

ወይዘሮ እማዋይሽ በረንዳ ላይ ይቆማሉ፤
«ዘንድሮም አልነዳኋት፤ ምን ታደርጋት?» ይላሉ።
አጎንብሼ አነበብኩ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር፤
ካምናው በዐሥራ አንድ ነው ከፍ ያለው፤ ምን ይቆጠር!
እሱም ዘመድ ሲዳር ነው፤ ሙሽሪትን አጅባ፣
ደርሳ የተመለሰች፣ ተለጥፎባት አበባ።

መመሪያው «ወይም» ይላል፤ እዚያች ቃል ላይ ነው ነገሩ፤
ወይ ዐሥራ አምስት ሺህ ይሞላ፣ ወይ ዓመት ይለፍ በበሩ፤
ቀድሞ በመጣው ይለወጥ።
መንገዱ ሳይመጣ ቀረ፤
ዓመቱ ግን ሳይጠሩት መጣ፤ መጥቶም አደረ።

ክሪክ ሰጥቼ ካነሳኋት፣ በድጋፍ ብረት ካሳረፍኳት፣
ካርቶን አንጥፌ ተንጋለልኩ፤ የካርተሯን ቡሎን ፈታሁላት።
ዘይቱ ጠቁሮ አይደለም፤ ወርቅማ ነው፤ ግን ደክሟል፤
ሳይሠራ የሚያረጅ ነገር እጄ ላይ ብዙ ወርዷል።
ማጣሪያዋ ከሸገር መጣ በሌሊት አውቶቡስ ተልኮ፤
የድሮውን ሰንጥቄ ባየው ብናኝ የለው፣ ንጹሕ እኮ!
የካምቢዮ ዘይት ገና ነው፤ የራዲያተሩ ለከርሞ፤
ካንዴላዎቹ በአራት ዓመት፤ ሁሉም ቀኑን ይዟል ቀድሞ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የፍሬኑ ዘይት ነው፤
ውሃ ይወዳል፤ ሐይቁ ደግሞ ካጥሩ ማዶ ነው ያለው።
በጎማ ቱቦ፣ በክዳን፣ ጣናን ከአየር ይምጋል፤
ሁለት ዓመት ካለፈው በቁልቁለት ላይ ይፈላል፤
ፔዳሉ ይሰምጣል፤ እግርም ባዶ ይረግጣል።

ይህን ጋራዥ አይደለም የነገረኝ መጀመሪያ፤
አባቴ ነው፤ ደንገል አሳሪው፣ በሐይቁ ዳር፣ በታንኳ ማቆሚያ።
«ታንኳ ውሃ ትጠጣለች» ይለኝ ነበር ሲያቆማት፣
አሣውን አራግፎ ሲያበቃ ለፀሐይ ሲያስደግፋት፤
«ቢበዛም ቢያንስም አሣው፣ ቀዘፍክም አልቀዘፍክ፣
ውሃ ላይ ካሳደርካት ግን ክብደቷን ተሸከምክ።»
ጥቂት ወር እንጂ አይዘልቅም ደንገል፤ አገልግሎ ይበሰብሳል፤
አባቴ ያን ቀን አያዝንም፤ ገመዱን ፈትቶ ሌላ ያስራል።

ረዳቴ ልንገረው ዛሬ አልመጣም፤ ልጁ ታሟል፤
ፍሬን ደግሞ ለብቻ አይጣራም፤ ፔዳል ላይ ሰው ይፈልጋል።
«እሜቴ፣ ይቀመጡልኝ» አልኩ።
ዝም አሉ። ሻሻቸውን አጠበቁ።
አቶ አንማው ከሞቱ ወዲህ ከዚያ ወንበር እንደራቁ።
ገቡ። ወንበሩ በሟች ቁመት ነው፤ እግራቸው ፔዳል አይደርስም፤
ቁልፉን ተጭነው አስጠጉት፤ እኔም ፊታቸውን አላየሁም።

«ይርገጡ።» ረገጡ። «ይያዙ።» ያዙ። ማስተንፈሻውን ፈታሁ፤
ቡናማው ዘይት ከነአረፋው በቱቦው ሲወጣ አየሁ።
አጠበቅሁት። «ይልቀቁ።» ለቀቁ። ኋላ ቀኝ፣ ኋላ ግራ፣
ፊት ቀኝ፣ ፊት ግራ፤ ስግደት ይመስላል ያ ሥራ፤
አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ ሳይተያዩ የሚግባቡበት፤
ዘይቱ ጠርቶ እስኪወርድ፣ ፔዳሉ እስኪጠነክርበት።

«አሁን ትቆማለች?» አሉኝ።
«መቆሙንማ ለምዳለች፤
ፍሬን የሚሻ የሄደ ነው፤ እሷ መች ሄዳ ታውቃለች?»
ሣቅ አይሉት፣ ሳል አይሉት፣ አንድ ድምፅ ሰማሁ ከውስጥ፤
ከመኪናዋ ግን አልወረዱም፤ መሪውን ያዙ፣ ጸጥ።

አሮጌውን ዘይት በጀሪካን ጫንኩት፤ መሬት አላፈሰስኩም፤
ለጣና እምቦጩ ይበቃዋል፤ እኔ ደግሞ አልጨምርበትም።
ከዚያ በመስታወቷ ጥግ ወረቀቷን ለጠፍኩባት፤
ሁለት መስመር ናት፤ ቀን አለ፣ ኪሎ ሜትርም አለባት።
ቀኑን በእርሳስ ጻፍኩት፤ ቢጠፋም ደስ ይለኛል።
ኪሎ ሜትሩን በማይለቅ ቀለም።
ማን ያውቃል።