ቀሪ

ጅራፍ አልያዝሁም እኔ፤ ይህን ልብ በሉልኝ፤
ከግላስጎው ጃማይካ ብዕር ነው ያሻገረኝ።
ፀሐይ የላጠው ፊት፥ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፥
ጠረጴዛ፥ ቀለም፥ ትኋን ያለበት ቤት።

ጌታው ብሪስቶል ነው፤ እርሻውን አያውቅም፤
አገዳ ሲቆረጥ አንድ ቀን አላየም።
ግን በየመርከቡ ወረቀት ይመጣል፥
በቀጭን በቀጭኑ መስመር ተሰምሮለታል፤
“ገቢ” ይላል አንዱ፥ “ወጪ” ይላል ሌላው፥
“ቀሪ” ነው ጥጉ ላይ መጨረሻ ያለው።
በቅሎም በሬም ሰውም ተሰልፎ ባንድ ዐምድ፤
ሕፃን ሲወለድ ገቢ፤ ሲሞት፥ በወጪ መውረድ።

ፔንሃሎው የሚሉት ተቆጣጣሪያችን
ሰዓቱን ከኪሱ ያወጣል ማለዳችንን፤
“አንድ እጅ፥ በአንድ ቀን፥ ስንት ጉድጓድ?” ይላል፤
እጅ ይላል ሰውን፤ የቀረው አካል ትርፍ ሆኖበታል።

ሚምባ ዘጠና ማሰች። በማግስቱም ዘጠና።
በሦስተኛው ቀን መቶ። እሱም፦ “ይቻላልና
ከነገ ጀምሮ መቶ ይሁን ለሁሉም።”
መቶ ብዬ ጻፍሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም።
እሷ ግን ቀና አለች፥ ላቧን በክንዷ ጠርጋ፥
ብዕሬን አየችው፥ እንደ እባብ መንጋጋ።

በጥቅምት አንድ ሌሊት፥ ዝናብ ጣራ ሲመታ፥
ሚምባ የለችም ተባለ፤ ሄዳለች፥ ተራራ ወጥታ።
የተለቀቀው ውሻ ጭራውን ቆልፎ ሲመለስ፥
“ጻፍ” አለኝ ፔንሃሎው፥ ከባርኔጣው ዝናብ ሲፈስ።
ወጪ እንዳልላት አልሞተች፤ ገቢ እንዳልል አልመጣች፤
ብዕሬን ነክሬ “ቀሪ” አልሁ። ቀረች፤ ከሥራ ቀረች።

ብሪስቶል ደረሰ። ደስ አለው ጌታው፤
“ቀሪ፦ ሚምባ፥ አንድ እጅ”፤ አለች ነው ለሱ የገባው።
ስድስት ዓመት ሙሉ በየመርከቡ ላክኋት፥
ለእርጅናዋ ብዬ ዋጋ እየቀነስሁላት፤
እሷ ግን ከጭጋጉ ውስጥ ለቦዬዋ ስትቆፍር፥
ስንት ጉድጓድ እንደሆነ ማንም ሳይቆጥር።

ዛሬ አርጅቻለሁ። የጥጥ ፋብሪካ አለኝ፤
መዝገቡን ይዤው መጣሁ፤ ሌላ ሙያ የለኝ።
ያው መስመር፥ ያው ዐምድ፤ ሰዓት ግድግዳው ላይ፤
“አንዲት እጅ፥ በአንድ ቀን፥ ስንት ልቃቂት?” ባይ
ወጣት ቀጥሬአለሁ፤ ስሕተት አይገኝበት።
ዛሬ ጠዋት መጣና፦ “ኢሶቤል ቀሪ ናት።”
“የትኛው ቀሪ?” አልሁት። ጥያቄው አልገባውም።
መስኮቱን ከፈትሁ። ጢስ ነው። ተራራ አይታይም።