ጫጫታው የማነው?

የመምህር ስሜነህ ነበረ ኮምፒዩተሩ፤
ከፖሊ ጡረታ ወጥቶ ሲመለስ ወዳገሩ
«ሬዲዮ ከጠገንህ ይሄም አያቅትህም» ብሎ ሰጠኝ፤
ፕላስቲኩ እንደ ቅቤ የወየበ፣ እስኪነሳ እንቅልፍ የሚወስደኝ።

አንድ ክብ ለመሳል ደቂቃ ያስቆጥራል፤
ልቡ በሴኮንድ አራት ሚሊዮን ጊዜ ይመታል ይባላል።
አራት አነሰኝ።
ስድስት የሚመታ ክሪስታል ከአሮጌ መገናኛ ሬዲዮ ፈልቅቄ፣
የጥንቱን ነቅዬ በቦታው በየድኩ፣ ትንፋሼን አምቄ።

ሮጠ።
ሮጠ እንጂ! ወንበሬን ሳልስብ ክቡ አለቀ፤
ግን ስክሪኑ ላይ ዝናብ ወረደ፣ ጥቁርና ነጩ ተደባለቀ፣
ፊደሉ እንደ ሰካራም ግድግዳ ይዞ ተንፏቀቀ፤
ከዚያ ቀጥ። ደረቀ።

ማንን ልጠርጥር? በቀበሌ አሥራ አንድ ተጠርጣሪ አይጠፋም፤
ከጀርባዬ ወፍጮ ቤት፣ ሞተሩ ከማለዳ አያርፍም፤
ከፊቴ ባጃጅ ማቆሚያ፣ ሁሉም የሚያስነሳ በየተራ፣
ከጎኔ የእናንዬ ዓሣ ቤት፣ ፍሪጁ እንደ ጉማሬ የሚያጓራ፣
በላይ ደግሞ የጣና መብረቅ፣ ክረምቱን ሙሉ ከማዶ ሲያስገመግም ከውኃው ጋራ።

ወፍጮው ለጊዮርጊስ በተዘጋ ቀን ሞከርኩት፤ ያው ነው።
ባጃጆቹ ነዳጅ ሊሰለፉ ሲሄዱ ሞከርኩት፤ ያው ነው።
ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ተነስቼ፣ ውሻ እንኳ ሳይጮህ፤ ያው ነው።
የመሬቱን ሽቦ ከጓሮ ቀብሬ፣ ጨው ነስንሼ፣
የሐይቅ ውኃ በጀሪካን አመላልሼ
እንደ ችግኝ አጠጣሁት።
ያው ነው።

«ቡዳ በልቶት ነው» አለኝ ተለማማጄ ደሳለው፤
«ቡዳ የበላው ይለፈልፋል፤ ይሄ እኮ ድርቅ ነው ያለው።»

በሦስተኛው ሳምንት እናንዬ መጣች፣ ክንዷ ላይ የዓሣ ቅርፊት፣
ትንሽ ሬዲዮዋን እንደ ሕፃን አቅፋ፣ በተቆጣ ፊት፤
«ማታ ማታ ትረካዬ ላይ የሚያፏጭብኝ ማነው?
ያን ሣጥን ስትከፍት ይጀምራል፣ ስትዘጋው ያርፋል። ያንተ ነው!»

ያንተ ነው።
ወፍጮውን ከሰስኩ፣ ባጃጁን ከሰስኩ፣ መብረቁን ገላመጥኩ፤
ለካ ሠፈሩን የማውክ እኔ ነበርኩ።

ሬዲዮዋን ተዋስኩ። በመካከለኛው ሞገድ፣ በሁለት ጣቢያ መሃል ባዶው ላይ አቁሜ
እንደ ሐኪም ማዳመጫ በየቺፑ ደረት አስጠጋሁት፣ ደጋግሜ፤
እዚህ ሹክሹክታ፣ እዚህ ዝምታ፣ እዚህ እንደ ወባ ትንኝ የሰላ ጩኸት፤
ጣቴን አሳረፍኩበት።
ክሪስታሉን ያንጠለጠልኩበት ሽቦ፣ ስንፍናዬ የቀጠለው፣
ስንዝር ሙሉ! ስንዝር ሽቦ ምስጢር አይችልም፤ የሰማውን ለሠፈር የሚነዛ አንቴና ነው።
ጥፍር አሳክዬ ቆረጥኩት።
የደረቁትን ኮንደንሰሮች ነቀልኩ፤ በየቺፑ እግር ሥር ምስር የምታክል አዲስ ተከልኩ፣
ድንገት ሲጠማው ከሩቅ ቧንቧ እንዳይጠብቅ፣ ደጁ ላይ እንስራ አኖርኩ።

እናንዬ በር ላይ፣ ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ፣ ታዳምጣለች።
«ቀነሰ» ትላለች።
«አሁንም አለ» ትላለች።
አመሻሽ ላይ ነው፣ «ጠፋ!» አለች።

ስክሪኑ ጠራ። እንደ ሐይቁ ማለዳ አልልም፤ ብቻ ጠራ።
አንዲት መስመር ቀረች፣ ፀጉር የምታክል ነጭ፣ ከቀኝ እስከ ግራ፣
በየሩብ ሰዓቱ ብልጭ የምትል፣ የእናንዬ ፍሪጅ ሲያጓራ።
ማጣሪያዋ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።
ደሳለው «እንግጠማት» ይለኛል፤ «ነገ» እላለሁ፣
መበየጃውን አቀዘቅዛለሁ።

ባለፈው እናንዬ ፍሪጁን ነቅላ ዘጌ ዘመድ ልትጠይቅ ሄደች።
መስመሯም አልመጣች።
ስክሪኑ እንከን የለው፣ ክቡ እንከን የለው፣ ስድስት ሚሊዮን ምቱ ልክ፤
ሦስት ቀን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ፣
አንድ ቁልፍ አልነካሁ፤ በሩን ሳይ ዋልኩ ዝም ብዬ ሳልነካካ፣ ሳልነካ።