ባለ ሦስት ስም ጉም

ከሙስካት ስንወጣ ሙቀቱ አርባ ስድስት፣
ሺህ ኪሎ ሜትር አሸዋ፣ አንድ ዛፍ የሌለበት።
ቱምረይትን አልፈን መንገዱ ሲያዘቀዝቅ
መስታወቱ ላበው፤ ቁጥሩ ጀመር መውደቅ፦
ሠላሳ… ሃያ ስምንት… ሃያ ሁለት… ቆመ።
ካፊያ ነው፤ ጉም ነው፤ ቀትሩ ጨለመ።

ሰላላ።
እመቤቴ ወርዳ ፊቷን ለጠል ሰጠች፣
ስለት እንደደረሰላት ሰማዩን አየች።
ትንሹ ፈይሰል ግን ቀሚሴን ጎትቶ
"ይኼ ኸሪፍ ነው" አለኝ፣ ጣቱን ጉም ውስጥ ከትቶ።
"መጽሐፌ ግን በጋ ይላል። ያገርሽ ሰው ምን ይለዋል?"
"ክረምት" አልኩት።
ሳቀብኝ። "ክረምት ጥር ላይ ይመጣል!"

እንዴት ላስረዳው፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ
ደገኛው ሲንዘፈዘፍ በሐምሌ ጨለማ?

ስልኬ ጮኸ። ይርሳው ነው፣ ላይ ጋይንት ሆኖ፣
ድምፁ በኔትወርኩ ተቆራርጦ መንምኖ፦
"የታኅሣሥ ውርጭ፣ እቴ፣ በሐምሌ ወረደብን፤
ቀን ቀን አቧራ ነው፤ ገብሱ በቡቃያው ቀረብን።
እዚያስ እንዴት ነው?"

ቀሚሴ ትከሻዬ ላይ ተጣብቋል ርሶ፣
ካፍንጫዬ ጫፍ ጠብታ ሊወርድ ደርሶ፣
"ያው ነው" አልኩት። "ሙቀት።"