ወሩ የፈሰሰበት ደብዳቤ

ዲትማር ከፍሌንስቡርግ እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦
«ነንጋ፣ ስንት ዓመታት በክርክር አለፉ፤
ሚስቴ ባሊ ስትል፣ እኔ ፑኬት ስል፣
ሁለታችን ቀረን ከደጅ ሳንነቀል።
እሷ አረፈች። እኔ ጥር ላይ ልነሳ ነው፤
ከሁለቱ ደሴት የቱ ነው የሚያዋጣው?»

መንደሬ አመድ ናት፣ አሸዋዋም ጥቁር፤
በተቦረቦረ የኮኮናት ግንድ ጨው ሳደርቅ የምኖር፣
ሁለት ክፍል አለኝ ለእንግዳ የማከራይ፣
አንዷ ተራራውን፣ አንዷ ባሕር የምታይ።

መዋሸት ይቻላል። ጥር ባዶ ወር ነው፤
ጨውም አይደርቅበት፣ ገንዘብም የለው።
እጄ ግን እምቢ አለ። ጻፍኩ እንዲህ ብዬ፦
«ጥር እዚህ ጎርፍ ነው፣ አይምጡ ጌታዬ።
ፑኬት ምግብ ቤት ያለ ሱዋርታ፣ የእህቴ ልጅ፣
ሰማዩ ሳህን ነው ይላል፣ ጥር ላይ፣ ታጥቦ የተሰጣ ደጅ።
ፀሐይ ብቻ ካሉ፣ እዚያ ነው መውጫዋ፤
እኛ ጋ ሐምሌ ነው የበጋ መምጫዋ።
ግን ሐምሌ ጨው ይነጣል፣ ጊዜ አይኖረኝም፣
ጎንበስ ቀና ስል ቀኑ አይበቃኝም።
ወሬ ከወደዱ ጥር ነው የሚሻል፣
ጣሪያው ሲያፈስ ያኔ ሰው አብሮ ይቀመጣል።»

ባሌ አንብቦ፣ «አበድሽ?» ብሎ ጠየቀኝ፤
አራት ሌሊት ሙሉ ጀርባውን ሰጠኝ።

መልሱ ዘገየና በዝናብ ቀን መጣ፣
ፖስታው ውሃ ጠጥቶ፣ ቀለሙ ሸሽቶ ወጣ።
«እመጣለሁ» ይላል፤ ያቺ ቃል ትነበባለች፤
ወሯ ግን ሰማያዊ ኩሬ ሆና ቀርታለች።

አንሶላ አጥባለሁ እንግዲህ ወር በገባ ቁጥር።
ባሌም ሳልነግረው ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ቀዳዳ ሊደፍን፤
«አንዷን ተውልኝ» አልኩት፣ «ምናልባት ጥር ቢሆን።»