የኖራው ግድግዳ

ቡሬ፣ ከበርበሬ ተራው ዝቅ ብሎ፣
የጋሽ ቸኮል ወፍጮ ቆሟል ዱቄት መስሎ፤
ጣሪያው ነጭ፣ በሩ ነጭ፣ ውሻው ነጭ ተኳኩሎ።

ሦስት ፌዝ መብራቱን ብለን ተጠግተን
ምንይችል፣ ታድሎ፣ እኔ፣ ማሽን ገዝተን፤
ሰው ተጠቅሞ የጣለው፣ አንድ ጎኑ የላላ፣
እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም ከጓሮው በኋላ።
ምንይችል ስልክ ሠሪ፣ ጣቱ በካውያ የጠቆረ፣
ታድሎ ከቅኔ ቤት የመጣ፣ ሚበዝኁ ላይ የቀረ፣
እኔ ባጃጅ ነጂ፣ ያውም የሰው፣
የዕለት ገቢ ከፍዬ የተረፈኝን የማጠራቅመው።

የመጀመሪያው ችግር ሙቀት ነበር።
ሁለተኛው ኔትወርክ፤ እሱንስ ለመድነው።
ሦስተኛው ዱቄት ነው፣
ማንም በመመሪያ ላይ ያልጻፈው ጠላት፤
በክረምቱ እርጥበት ማራገቢያው ውስጥ ቦክቶ
ማሽኑን አነቀው፣ ሊጥ ሆኖ ተጣብቶ።
ምንይችል በጥርስ ብሩሽ በአረቄ ሲያጥበው፣
ታድሎ ከጆንያ ላይ፦ «አሰከርከው እኮ፣ ተው!»

ኋላ የራሳችንን ሳንቲም እናውጣ አልን፤
ስሙንም «በርበሬ»።
ምንይችል፦ «ባጃጅህ ጀርባ ላይ በቀይ ይለጠፍ፣
አሥር ሰው ላመጣ አንድ ቢራ አይታለፍ፣
ቅዳሜ ገበያ በሎተሪው ማይክ ይለፈፍ!»
ታድሎ፦ «ማይኩን ተውት።
ያገራችን ሰው እንኳን ያላየውን
ይጠረጥራል በእጁ የያዘውን።»

እትዬ ይታይሽን ሄጄ አስረዳኋት፣
ከበርበሬ ቁልል ጎን ተቀምጣ አገኘኋት።
«መዝገቡ» አልኳት፣ «በሺህ ቤት ይጻፋል፣
ሹም አይሰርዘውም፣ ዝናብ መች ያጠፋል፤
የሰጠሽው፣ የወሰድሽው፣ ለዘላለም ይኖራል።»
ዝም ብላ ቆየች።
«ኧረ ልጄ፣ ዕዳ የማይረሳ
ምኑ ደስ ይላል? ደግሞስ የሚሰፈረው
በቁና ነው፣ በእፍኝ?»
ብላ አስነጠሰች።

የኪሳችን ቁልፍ አሥራ ሁለት ቃል ነው፣
በፈረንጅ አፍ፣ እርስ በርሱ የማይተዋወቀው።
ወረቀት ይጠፋል፣ ስልክ ይሰረቃል ብለን
በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ፣ በጋሽ ቸኮል ዱቤ መሃል፣
በከሰል ጻፍነው። እዚያ ማን ይለየዋል?
«ይታይሽ፦ ሁለት ቁና። አንማው፦ የጤፍ፣ ያልከፈለ።
ላደር። ኦኒየን። ዶንኪ።
ቄስ ሞገሴ፦ ስድሳ ብር፣ ለፋሲካ ያለ።»

የጋሽ ቸኮል ልጅ በጥር ተዳረች፣
በዚያው ሰሞን የምንይችል ስልክ ከወፍጮው አፍ ገባች።
ሮጠን ወደ ግድግዳው! ግድግዳው ግን ኖራ፣
ከላይ እስከ ታች ነጭ፣ ለሠርጉ እንዲያበራ።

ታድሎ ዐይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ድሮው በዜማ፣
አሥራ አንዱን አወረደው አንድ ፊደል ሳያደማ።
አሥራ ሁለተኛው ላይ ቆመ።
«የኔታም የመጨረሻውን ቤት
ለተማሪው ነበር የሚተዉት» አለ።
ሳቅን፤ ሳቁ ግን አልከረመ።

ቢላ አነሳን። ኖራው እየተላጠ ወረደ።
መጀመሪያ የወጣው የእኛ ቃል አልነበረም፤
«ይታይሽ፦ ሁለት ቁና»
ከሰሉ ዛሬ የተጻፈ ይመስላል፣ አልደበዘዘም።

ጋሽ ቸኮል ከበሩ ሆኖ ያየን ነበር፣
ቅንድቡ ዱቄት፣ ትከሻው ዱቄት።
«በቃ» አለ። «ልጄን ስድር ይህን ሁሉ ምሬያለሁ፤
እኔም ተመልሼ እንዳላነበው ኖራ ገዝቻለሁ።
ደግሞ ልታወጡብኝ?»
ባልዲውን አመጣ። ብሩሹን ለእኔ ሰጠኝ።

ለቀለቅሁ።

ማሽኑ ዛሬም መብራት ሲመጣ ያጉረመርማል፣
ታድሎ ማታ ማታ አሥራ አንዱን ያዜማል፣
ምንይችል አንዳንዴ ከእንቅልፉ ብንን ብሎ
አንድ ቃል ይሞክራል፤ ያው እምቢ ይለዋል።

ትናንት እትዬ ይታይሽን ከነጆንያዋ አድርሼ
ሂሳቧን ስትፈታ ከመቀነቷ፣ «ተይው» አልኳት።
«አይ፣ ጻፈው እንጂ» አለች፣
«በዚያ በማይጠፋው!»
ስቃ ስታበቃ
ከበርበሬ እጇ ጋር አምስት ብር
መዳፌ ላይ ትታ ሄደች።