የሌላ ዓሣ ስም

ካልክ ቤይ ወደብ ላይ፣ ሰኔ ሲነጋጋ፣
ጄፍታ ፌብሩዋሪ ጀልባውን አስጠጋ፤
ሰማዩ ያካፋል፣ ባሕሩ ይቆጣል፣
ከቀኝ አውራ ጣቱ ደም ይንጠባጠባል።
ስኑክ ነው የነከሰው፤ የዚህ ዓሣ ንክሻ
ደም አያስቆምም፣ የለውም ማርከሻ፣
ከዓሣው ዐይን ውኃ ጠብ ካላረጉበት፣
ይላሉ የጥንቶቹ፤ እሱም አረገበት።
ደሙ ግን አልቆመም።

ማግሪታ በቢላዋ ጀርባውን ሰንጥቃ
እንደ መጽሐፍ ዘረጋችው፣ አንጀቱን አርቃ፤
ጨው፣ ከሰል፣ ማርማላታ፣ የአፕሪኮት፣ ወፍራሙ፣
በብሩሽ ይቀባል፤ ያኔ ነው ጣዕሙ።

ከገበያተኛው መሃል አንድ ረጅም እንግዳ፣
ካሜራ በአንገቱ፣ ፊቱ ጽጌረዳ፣
«ይህ ስኑክ አይደለም» አለ ጎንበስ ብሎ፣
ጣቱን እንደ መምህር ወደ ዓሣው ቀስሮ፤
«ስኑክ ማለት እኮ አገሬ ነው ያለው፣
ከቦይ ውኃ ውስጥ፣ ሸምበቆ የጋረደው፤
ጀርባው አረንጓዴ፣ ጎኑ ዝንጉርጉር ነው፣
ጨው ቀምሶ አያውቅም። ይህ ሌላ ነው» አለው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል ሰምቻለሁ፤
የዚህን ያወጣውን ግን እገምታለሁ፦
ድዱ የደማበት፣ ብስኩቱ የነቀዘ፣
ስድስት ወር በባሕር ዐይኑ የፈዘዘ
የሆላንድ መርከበኛ፤ ገመዱን ሲስበው
ረጅም፣ ብርማ፣ ባለ ጥርስ አገኘው፤
የእናቱ ጓሮ ቦይ ውል ብሎት ነበርና
«ስኑክ!» ብሎ ጮኸ፤ ስሙ በዚያው ጸና።

ዓሣውን አላየም። ያየው አገሩን ነው።

ዓሣው ይህን አያውቅም፤ በደቡቡ ቀዝቃዛ
ውቅያኖስ ውስጥ በመንጋ ያልፋል እንደ ዋዛ።
ማኦሪው «ማንጋ» አለው፣ ከራሱ ቋንቋ አውጥቶ፤
የቺሊ አጥማጅ ደግሞ ጥርሱን ተመልክቶ
«ሲዬራ» ሲል ጠራው፣ መጋዝ ማለት ነው፤
አውስትራሊያ ላይም ያው ዕጣ ገጠመው፦
«ባራኩታ» አሉት፣ ሞቅ ባለ ባሕር
የሚኖር የሌላ ዓሣ ስም፣ በብድር።

ጄፍታ ጣቱን በሸሚዙ ጫፍ ጠቀለለው።
«ስምህ ማነው?» አለው።
«ሩሎፍ» አለ እንግዳው።
«የእኔ ፌብሩዋሪ ነው። ወሩን ታውቀዋለህ።
የአያቶቼን አያት፣ ከማዳጋስካር ይሁን፣
ከባሊ፣ ማን ያውቃል፣ ጠፍንገው እጁን
እዚህ ሲያራግፉት፣ ጸሐፊው መዝገቡን
ገልጦ፣ ስም ሳይጠይቅ፣ ጻፈበት ወሩን።
ምናልባት ያው መርከብ። ምናልባት ያው ሰው ነው።»
ሌላ ቃል አልጨመረም፤ ገመዱን ጠመጠመው።

እንግዳው ዝም አለ። ኪሱን ደባበሰ።
«ስንት ነው …» አለና፣ ስሙ ላይ ሲደርስ
ምላሱ ተያዘ፤ «ይሄ» ሲል ጨረሰ።
ማግሪታ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችው፤
ጋዜጣው ላይ ደም አለ፣ የጄፍታ ወይ የዓሣው።
«ጭንቅላቱንም ውሰድ፣ ለሾርባ ይበጃል፤
አፉን ግን ተጠንቀቅ፣ ሞቶም ይነክሳል።
ስሙ የሰው ቢሆንም፣ ጥርሱ የራሱ ነው።»